ከዶሮዋ በፊት የዶሮዋ ቤት

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ስሟ የሚነሳው ከድንጋይ ጋር ነው። በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው አፈ ታሪክ የጥንቱን ከተማ የገነቡት ግዙፋን ሰዎች ነበሩ ይላል፤ ያንን የሚያህል ድንጋይ ተራ ሰው አያነሳውምና። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የቅርስ ባለሙያዎች ያካሄዱት ቁፋሮ ውጤት በ2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድና ከባሕር ማዶ የመጡ ጨሌዎች መገኘታቸው የብዙዎችን ትኩረት ስቧል።

የዛሬው የሐርላ አርሶ አደር የሚጠየቀው ግንባታ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ዶሮዎች ሌሊቱን ከአውሬ ተጠብቀው የሚያድሩበት፣ ቀኑን ከሙቀት የሚጠለሉበት ቤትና ወጣ ብለው የሚጭሩበት የታጠረ ቦታ ነው። ሥራው ትንሽ ይምሰል እንጂ በመንግሥትና በአርሶ አደሩ ገንዘብ የተገዛች ዶሮ እንቁላል ጥላ ወጪዋን መመለሷ ወይም በሦስት ወር ውስጥ ከግቢው መጥፋቷ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የ"ሌማት ትሩፋት" መርሐ ግብር ወተትን፣ ማርን፣ ዓሣን፣ እንቁላልንና የዶሮ ሥጋን በየቤተሰቡ ማዕድ ላይ ለማድረስ ያለመ ነው። ዓላማው ሊደገፍ የሚገባው ነው። ዶሮ ሰፊ መሬት አትፈልግም፤ ገንዘብ ቶሎ ትመልሳለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእናቶችና በወጣቶች እጅ የምትያዝ ሀብት ናት። ችግሩ የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚደርሰው ቄቡ ነው፤ ቤቱ ይከተላል ተብሎ ይታሰባል። ሪፖርቱም "ይህን ያህል ዶሮ ተሰራጨ" በሚል ቁጥር ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ ቆጥ ላይ ስንት ዶሮ እንደቀረ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፦ ቤትና አጥር የሌለው ቤተሰብ ዶሮ ሊረከብ አይገባም። ቤቱ ከዶሮዋ ይቀድማል።

ይህ አስተያየት "አያቶቻችን ያለ ቤት ሲያረቡ ኖረዋል" የሚል ምላሽ ሊያስነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ የአገር ቤት ዶሮ ዛፍ ላይ ወይም ማጀት ጥግ አድራ፣ የራሷን ምግብ ጭራ ትኖራለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ትደበቃለች፤ ጫጩቶቿንም በክንፏ ትሸሽጋለች። ነገር ግን በዓመት የምትሰጠው እንቁላል ከ40 እስከ 60 አይበልጥም። ቦቫንስ ብራውን፣ ሳሶና ኮኮክ የተባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጥላሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን መኖ፣ ውኃ፣ ክትባትና መጠለያ ከተሟላላቸው ነው። ክብደት ያላቸውና ለሰው የለመዱ ስለሆኑ ከአውሬ ማምለጥ ይከብዳቸዋል። የአገር ቤቷን ዶሮ አኗኗር ለእነዚህ መስጠት እንቁላሉንም ዶሮዋንም ማጣት ነው። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ማሳደርም መፍትሔ አይደለም። ኩሱና አቧራው በተለይ ለሕፃናት ጤና ጎጂ ነው። ዶሮዎቹ ሲታመሙም በሽታው ወደ ቤተሰቡ የሚሻገርበት አጋጣሚ ይሰፋል።

ቀጣዩ ጥያቄ ምን ዓይነት ቤት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደጋማ አካባቢዎች ለብርድ ተብሎ የሚመከረው ዙሪያው የተመረገና የተዘጋ ቤት ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ አይሆንም። ዶሮ ላብ የላትም። ሙቀት የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን በመዘርጋት ነው። የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ መብላት ትቀንሳለች፤ እንቁላሏ ያንሳል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል። ሙቀቱ ከበረታና አየር ከታፈነ ትሞታለች። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የዶሮ ቤት የመጀመሪያ ሥራው ጥላ መስጠትና አየር ማስተላለፍ ነው።

ለዚህም የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ ይደረግ። እንዲህ ሲሆን የጠዋቱና የከሰዓቱ ፀሐይ የሚመታው አጫጭሮቹን ግድግዳዎች ብቻ ይሆናል። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ከመሬት እስከ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ በድንጋይ ወይም በጭቃ ይሠሩና ከዚያ በላይ ያለው በሽቦ መረብ ይሸፈን። ጣሪያው ሰው ቆሞ ሊያጸዳ በሚችልበት ከፍታ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ላይ ይሁን። ቆርቆሮ የሚጠቀም ሰው በላዩ ሣር ወይም የማሽላ አገዳ ቢያለብስበት ሙቀቱን ይቀንሳል። የማንጎ ወይም የሌላ ዛፍ ጥላ ካለ ቤቱን ከሥሩ ማቆም ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በሽቦው ላይ የሚወርድና የሚጠቀለል የጆንያ መጋረጃ ይበቃል።

ለአንድ ቤተሰብ 12 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ይበቃሉ ቢባል ስሌቱ እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ ቢታሰብ 3 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ሲያዝ በድምሩ 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በሁለት አግዳሚ እንጨት ይሸፈናል። ቆጡ ጠርዙ የተሞረደ፣ እግራቸው የሚጨብጠው እንጨት ይሁን። ለ4 ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሣጥን ሲታሰብ ሦስት ሣጥን ይበቃል። እያንዳንዱ ሣጥን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ጨለም ባለው ጥግ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እዚያው እያደሩ በኩስ ያበላሹታል።

ወለሉ ከአካባቢው መሬት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተደልድሎ ይጠቅጠቅ። በላዩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ፣ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይጎዝጎዝበት። ጉዝጓዙ ሲረጥብ መገልበጥና መለወጥ ግድ ነው። ከእርጥብ ጉዝጓዝ የሚወጣው ሽታ የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ እንደ ኮክሲዲዮሲስ ያሉ የአንጀት በሽታዎችም በእርጥበት ይራባሉ። ተጠርጎ የወጣው ጉዝጓዝ ሲብላላ ለጓሮ አትክልትና ለማንጎ ጥሩ ማዳበሪያ ስለሚሆን የሚጣል ነገር የለውም።

ቤቱ ብቻውን አይበቃም። ቀን ቀን የሚወጡበት የታጠረ መንሸራሸሪያ ያስፈልጋቸዋል። ለአንድ ዶሮ 2 ካሬ ሜትር ቢያዝ ለ12ቱ 24 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቦታ ያለው ሰው ቢያሰፋው ይመረጣል። ሁለት ቦታ ከፍሎ በየተራ ማስወጣት ሣሩ እንዲያገግምና በኩሱ ውስጥ ያለው የበሽታ ዘር በፀሐይ እንዲዳከም ይረዳል። በአንዱ ጥግ ደረቅ አፈርና አመድ የተቀላቀለበት ጉድጓድ ማዘጋጀትም ተገቢ ነው። ዶሮ ቅማሏን የምታራግፈው በአቧራ ታጥባ ነው።

በሐርላ አካባቢ አጥሩን አስፈላጊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። አካባቢው ጫት ይመረትበታል፤ ጫት ላይ ደግሞ ፀረ ተባይ ኬሚካል ይረጫል። የተረጨበት ማሳ ውስጥ የገባች ዶሮ የተመረዘውን ነፍሳት ለቅማ ልትሞት ትችላለች። ባትሞትም እንቁላሏን የሚበላው የቤተሰቡ ልጅ ነው። በተጨማሪም ዶሮ የጎረቤትን ማሽላ ስትጭር፣ የተሰጣ እህል ስትበትን የሚነሳው ጠብ ለማንም እንግዳ አይደለም። አጥር ዶሮዋን ከመርዝ፣ ጎረቤትን ደግሞ ከዶሮዋ ይጠብቃል።

የሌሊቱ ጠላት ጅብና ሸለምጥማጥ ነው። ጅብ ደካማ በር ይገፋል፤ ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። አንድ ሸለምጥማጥ ቤት ውስጥ ከገባ የሚበላው አንዷን ቢሆንም የሚገድለው ብዙዎቹን ነው። ስለዚህ ሽቦው ቀዳዳው ጠባብና ጠንካራ መሆን አለበት፤ በሥሩም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይቀበር ወይም በድንጋይ ንጣፍ ይታሰር። በሩ ከውጭ የሚቀረቀር ይሁን፤ ሁልጊዜም ከመምሸቱ በፊት ይዘጋ። ቀን ለሚያንዣብበው ጭልፊት ደግሞ በመንሸራሸሪያው ውስጥ የሚደበቁበት ዳስ ወይም ቁጥቋጦ ይኑር።

ይህ ጥንቃቄ በገንዘብ ሲሰላ ምን ማለት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ከ12 ዶሮዎች መካከል በቀን 8ቱ ቢጥሉ በወር 240 እንቁላል ይገኛል። በአንድ ሌሊት ግማሾቹ ቢያልቁ ቤተሰቡ ያጣው የ6 ዶሮ ዋጋ ብቻ አይደለም። በየወሩ ወደ ቀፊራ ገበያ ሊወጣ ወይም ለልጆች ሊቀርብ የነበረ 120 እንቁላልም አብሮ ይሄዳል። ዶሮው የተገዛው በብድር ከሆነ ደግሞ ዕዳው ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሽቦ ማጥበቅ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይሆናል።

ቦታ አመራረጥም መዘንጋት የለበትም። ድሬዳዋ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች አጥታለች። ከተራሮቹ የሚወርድ ውኃ እንዴት ድንገት እንደሚመጣ አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቃል። የዶሮ ቤት በደረቅ ወራት ሜዳ በሚመስል የጎርፍ መውረጃ ላይ አይቁም። ከመኖሪያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ድምፅ በሚሰማበትና ነፋስ ሽታውን ከቤት ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል ቢሆን ይመረጣል።

የሐርላ ነዋሪ ልዩ ኃላፊነትም አለበት። ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል። ነገር ግን ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ የሚነሳ ድንጋይ፣ ለዶሮ ቤት መሠረት ተብሎ የሚቆፈር ጥንታዊ ግንብ ሊኖር አይገባም። ያ ድንጋይ ከተነቃነቀ ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ከማሳ የተለቀመ ወይም ከወንዝ የመጣ ድንጋይ ለዶሮ ቤት ከበቂ በላይ ነው። በቁፋሮ መሐል ግንብ፣ የሸክላ ስባሪ ወይም ጨሌ ከታየ ሥራውን አቁሞ ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል። የቀበሌው አመራርም ቦታ ሲፈቅድ ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት።

"ድሃው አርሶ አደር ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከተዘረዘሩት መካከል ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው፦ የሽቦ መረብ፣ ሚስማር፣ የበር ማጠፊያና መቀርቀሪያ፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ከተፈለገ ቆርቆሮ። ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ ጭዱ፣ አገዳውና የእሾህ አጥሩ በእጅ ያሉ ናቸው። ለምሰሶ የሚሆን እንጨት በቆላማ ቀበሌዎች ግጦሽን እየወረረ ካለው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ሊቆረጥ ይችላል፤ ዘሩ ወደ አዲስ ቦታ እንዳይዛመት ግን ፍሬ የያዘው ቅርንጫፍ እዚያው ይቅር። መሬት የሚገባው የምሰሶ ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቢቀባ ምስጥ ቶሎ አይጨርሰውም። ሽቦ ለ12 ዶሮ የሚበቃ አቅም የሌለው ሰው በ6 ይጀምር። በጥሩ ቤት ያደሩ 6 ዶሮዎች ሜዳ ላይ ከተበተኑ 20 ይሻላሉ።

ቤት ከሌለ ክትባትም ስሙ ብቻ ይቀራል። በአገራችን መንደርን በአንድ ሳምንት ባዶ የሚያደርገው የዶሮ ፈንግል ነው። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚያመርታቸው የፈንግል ክትባቶች መካከል ሙቀትን ተቋቁሞ የሚቆየው አይ-2 በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስትና በየአራት ወሩም ይደገማል። ነገር ግን ዛፍ ለዛፍ የሚያድሩ ዶሮዎችን ባለሙያው እንዴት ይዞ ይከትባቸዋል? ቤት ካለ ማታ ቆጥ ላይ እንደሰፈሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይዳረሳሉ። ከገበያ የመጣን አዲስ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻ ማቆየትም የሚቻለው ቦታ ሲኖር ነው። ኅብረተሰቡ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላው ጉዳይ በፈንግል የሞተች ዶሮ መጣል ያለባት መንገድ ዳር ሳይሆን ተቃጥላ ወይም በጥልቀት ተቀብራ መሆኑን ነው።

ውኃ በዚህ አካባቢ ከመኖ እኩል ይታሰብ። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ውኃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ወራት ይህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መጠጫው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ይለወጥበት። መኖውም በሙቀቱ ሰዓት ሳይሆን በማለዳና ወደ ማታ ቢሰጥ ዶሮዎቹ በደንብ ይበላሉ። አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ስለምትፈልግ 12ቱ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ይጨርሳሉ። ቤተሰቡ ይህን ወጪ ዶሮዎቹን ከመረከቡ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

እንግዲህ ከወረዳና ከቀበሌ አመራሩ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ ርክክቡ ከቤቱ በኋላ ይሁን። የልማት ሠራተኛው ቤቱን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ሽቦውን ገፍቶ ሳያረጋግጥ የተጠቃሚ ስም ዝርዝር አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ በየገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ አንድ የአርአያነት ቤትና መንሸራሸሪያ በአካባቢ ቁሳቁስ ይቁም፤ አርሶ አደሩ በወረቀት ከተነገረው ይልቅ ያየውን ይሠራል። ሥልጠናውም በአፋን ኦሮሞ፣ ዶሮዎቹን በሚይዙት እናቶች ሰዓትና ቦታ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ለዶሮ የሚሰጠው ብድር ሽቦንና በርንም ይጨምር፤ ሽቦውም በማኅበራት በኩል በጅምላ ቢቀርብ ዋጋው ይቀንሳል። የእንጨትና የግንባታ ሙያ ያላቸው ወጣቶችም ቤቶቹን ሠርተው ገቢ ሊያገኙበት ይችላሉ። አራተኛ፣ ሪፖርቱ ይለወጥ። የተሰራጨው ብቻ ሳይሆን ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት ያለውና እንቁላል የሚጥለው ዶሮ ይቆጠር።

ይህ አካሄድ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የስርጭት ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የሚፈራ ኃላፊ ይኖራል፤ ፍርሃቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ የሚገመገመው በቁጥር ነውና። ስለዚህ ከላይ ያለው አካልም የግምገማ መለኪያውን አብሮ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ዘንድሮ ተሰጥቶ ያለቀን ዶሮ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ መስጠት የበጀት ብክነት ብቻ አይደለም፤ አርሶ አደሩ "ይህች ዶሮ ለእኛ አገር አትሆንም" ብሎ ተስፋ እንዲቆርጥ ያደርጋል። የጠፋ ዶሮ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ እምነት ግን ቶሎ አይተካም።

ከሐርላ ብዙ ሳይርቅ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዶሮ እርባታ ላይ የዓመታት ልምድ አካብቷል። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ አለ፤ ድንጋይና ጭቃ አለ፤ የቀፊራ ገበያም እንቁላሉን ይጠብቃል። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ለበልግና ለመኸር መሬቱ አስቀድሞ እንደሚታረስ ሁሉ ለዶሮም ቤቷ አስቀድሞ ይቁም። ሳጥኑ ተሰቅሎ፣ ጉዝጓዙ ተነጥፎ፣ በሩ ተቀርቅሮ የሚዘጋ መሆኑ ታይቶ ቄቦቹ በማግሥቱ ይግቡ።